የወፍጮ እንጉርጉሮ በደባርቅና በደባት መስመር

ሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ክረምት ነበር። ፍልሰታ ገብቷል። ደባርቅ ላይ ጉሙ ከሊማሊሞ ገደል እየወጣ ከተማውን ይሸፍናል፤ ከስልክ ቤቱ ደጃፍ ቆሞ ማዶ ያለውን ሱቅ ማየት ያስቸግር ነበር። የተቀመጥኩት ስለዚያ ክረምት አንድ ከሰዓት በኋላ ለመጻፍ ነው። ሥራው ምን እንደነበር የሚያውቅ ሰው እያነሰ ስለሄደ ግን ትንሽ ወደ ኋላ እመለሳለሁ።

የስልክ ኦፕሬተር ነበርኩ። ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ፤ ሥራው ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል። ዛሬ ሰው ከኪሱ አውጥቶ ራሱ ይደውላል፤ በመሐል የሚቀመጥ ሰው የለም። ልጄ በስልኳ ከማታውቃቸው ዘፈን ወዳጆች ጋር ስታወራ አያለሁ። ዘፈን ይላላካሉ፣ "መጀመሪያ ስትሰሚው የት ነበርሽ?" ይባባላሉ። አንድ ቀን ጠጋ ብዬ ሳይ፣ "እማዬ፣ ይኼ ላንቺ አይገባሽም" አለችኝ። ይገባኛል። ደክሞኝ ስለነበር አልመለስኩላትም። አሁን በጽሑፍ እመልስላታለሁ።

አባቴ ደረስጌ ዜማ የሚያስተምሩ መሪጌታ ነበሩ። በቤታችን ዘፈን አይዘፈንም። ሴት ልጅም ድምፅዋን ከጓሮ አታሳልፍም። ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ጎንደር ለስልክ ሥራ ሲቀበሉኝ አባቴ ትንሽ አሰቡና፣ "ድምፅሽን ይከፍሉበታል አሉ። እንግዲህ እውነት ተናገሪበት" ብለው መረቁኝ። መጀመሪያ ጎንደር ሠራሁ። አግብቼ ሁለተኛ ልጄን ስወልድ ወደ ደባርቅ ተዛወርኩ። ባለቤቴ መምህር ነበር፤ ከደባርቅ ወደ ገጠር እየተመደበ ዓመቱን በሙሉ እምብዛም አንገናኝም። ደመወዜ ልጆቼን አሳድጓል፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ስለ ትዳሬ ሌላ የምለው የለኝም።

ደባርቅ ስደርስ የስልክ ቤቱ ኃላፊ አቶ መኩሪያ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እጃቸውን ሳይታጠቡ መስመር የምናገናኝበት ሰሌዳ ፊት አይቀመጡም። ማናገሪያውን ጧት ጧት በንጹሕ ጨርቅ ይወለውላሉ፤ "የሰው ትንፋሽ ያርፍበታል" ይላሉ። ሽማግሌ ወይም ቄስ በመስመሩ ከመጣ ቆባቸውን አውልቀው ከወንበር ይነሣሉ። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎች፣ "አያዩዎትም እኮ፣ አቶ መኩሪያ" ብለው ሲስቁባቸው፣ "እኔ አያቸዋለሁ" ነበር መልሳቸው።

ሰሌዳው ቁም ሣጥን ያክላል። እያንዳንዱ መስመር ትንሽ የብረት ክዳን አለው፤ ሰው ሲደውል ክዳኑ ይወድቃል። ገመድሽን ትሰኪያለሽ፣ "አቤት" ትያለሽ፣ የሚፈልገውን ትጠይቂያለሽ፤ በሌላው ገመድ እጀታውን አዙረሽ የሚፈለገውን ትጠሪለታለሽ። ሲገናኙ ቁልፉን ትመልሻለሽ፣ ከዚያ በኋላ አትሰሚም። መጨረሳቸውን ለማወቅ ግን ከጊዜ ወደ ጊዜ ቁልፉን ከፍቶ ማዳመጥ ግድ ነው። ከደባርቅ ወደ ጎንደር የሚሄደው ሽቦ ደባት ይገባል፤ ጎንደርን የፈለገ ሁሉ በደባቷ ኦፕሬተር እጅ ያልፋል። በእኛና በደባት መካከል ሁለት መስመር ነበር። አንዱ ለደንበኛ ነው። ሁለተኛው ለእኛ ለሠራተኞቹ መነጋገሪያ ነው።

አቶ መኩሪያ አንድ ሌላ ልማድ ነበራቸው። ከሩቅ አገር የሚደውል ሰው የደባርቅን ሰው ሲያስጠራ፣ "የደስታ ነው ወይስ የሐዘን?" ብለው ይጠይቃሉ። የሐዘን ከሆነ ለተጠሪው አይነግሩም። መልእክተኛ ልከው ዘመድና የንስሐ አባት ያስጠራሉ፤ ነገሩ ለእነሱ ይነገርና በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ተሰብስበው ሄደው መርዶውን ያረዳሉ። የሥራ ደንቡ ግን ኦፕሬተር የደንበኛን ጉዳይ እንዳይጠይቅ ይከለክላል። እኔም አዲስ ስለነበርኩ ደንቡን ያዝኩ።

አንድ የገበያ ቀን አቶ መኩሪያ በሌሉበት ከአዲስ አበባ አንድ ሰው አንዲት እናት አስጠራ። ከቆላ በኩል በእግራቸው ወጡ። ስልክ ይዘው አያውቁም፤ የቱ ለጆሮ የቱ ለአፍ እንደሆነ አሳየኋቸውና የመነጋገሪያዋን ክፍል በር ዘጋሁላቸው። ሰውየው ልጃቸው መሞቱን እንደ ገበያ ዋጋ በደረቁ ነገራቸው። በመስተዋቱ አየኋቸው። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ለመውደቅ እንኳ ቦታ አልነበራቸውም። ግድግዳውን ተደግፈው ቀሩ። የሚይዛቸው ሰው አልነበረም፤ በሩን ከፍቼ እስክገባ ስልኩ በእጃቸው እንዳለ ነበር። እሳቸውን ለብዙ ዓመት በጸሎቴ አስታውሻለሁ።

አቶ መኩሪያ ሲመለሱ አልተቆጡኝም። የክፍሏን በር ከፍተው ውስጡን ትንሽ አዩና፣ "ልጄ፣ ስልክ መርዶ አይችልም" አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም እጠይቃለሁ።

ከዚያ በኋላ አቶ መኩሪያ ወደ ጎንደር ተዛወሩ። ስለዚህ መስመሩ ላይ ሦስት ሆንን፤ ጎንደር አቶ መኩሪያ፣ ደባርቅ እኔ፣ ደባት ደግሞ ጥሩወርቅ።

ጥሩወርቅን በስሟ ጠርቻት አላውቅም። እሷ "ደባርቅ" ትለኛለች፣ እኔ "ደባት" እላታለሁ። ፊቷንም አላውቀውም ነበር። በሁለታችንም ቤት ተተኪ ስለሌለ አንዳችን ወደ ሌላዋ ከተማ የምንወርድበት ቀን አልተገኘም። ድምፅዋን ግን ከሺህ ሰው መሐል እለየዋለሁ። ልትስቅ ስትል መጀመሪያ ወደ ውስጥ ትተነፍሳለች።

ከምሳ በኋላ መስመሩ ጭር ይላል። ያን ጊዜ ትጠራኛለች።

"ደባርቅ! አለሽ?"

"አቤት ደባት።"

"አንድ አዲስ መጥቶልኛል። ጆሮሽን ስጭኝ እስቲ።"

ቴፕ ሪከርደሯን ማናገሪያው አጠገብ ታስቀምጣለች። ዘፈኑ በሽቦ ሲመጣ ይቀጥናል። ክራሩ እንደ ትንኝ ይሆናል፣ ከበሮው ጭራሽ ይጠፋል። ጎንደር አቶ መኩሪያ ሥራ ካልያዛቸው የጠፋውን ከበሮ በእርሳስ ማናገሪያው ላይ ይመቱልናል፤ በወጣትነታቸው ማርሽ ባንድ ውስጥ ከበሮ መቺ ነበሩ። ዘፈኑ ሲያልቅ ሁላችንም የትና መቼ እንደሰማነው፣ ምን እንደሚያስታውሰን እንናገራለን። ሕግ ያወጣ የለም፤ እንዲያው ልማድ ሆነ። አቶ መኩሪያ ስለ ሰልፍና ስለ ጫማቸው ጥበት ያወራሉ። ጥሩወርቅ የምትወደው አንድ የቆየ የባቲ ዜማ ነበር። እናቷ ስታርፍ ወንድሟ ገና ጡት ያልተወ ሕፃን ስለነበረ አዝላ ያሳደገችው በዚያ ዜማ እያባበለች ነው። "አሁን ያ ሕፃን የሎንችን መኪና መሪ ይዟል። ዜማውን ግን ዛሬም ሲሰማ እንቅልፉ ይመጣል። መኪና ውስጥ እንዳይከፍተው አስምየዋለሁ" ትለን ነበር።

እኔ ዘፈን አልነበረኝም። የነበረኝ የእናቴ የወፍጮ እንጉርጉሮ ነው። ደረስጌ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ አባቴ ለኪዳን ከሄዱ በኋላ እናቴ ገብስ እየፈጨች የምታንጎራጉረው። እንዴት እንደነበር ነግሬያቸዋለሁ፤ አዚሜላቸው ግን አላውቅም።

"እታለም፣ አንድ ስንኝ ብቻ" ትለኛለች ጥሩወርቅ።

"አግዳሚው ላይ ሰው ተቀምጧል።"

"ሰው በሌለ ጊዜስ?"

"እግዚአብሔር አለ።"

"እሱማ የእናትሽን ሰምቶት የለም እንዴ? ምን አዲስ ነገር አለው!"

አንድ ጊዜ አንድ ካድሬ ይኼን ሁሉ ሰማና ደባት ስልክ ቤት ገባ። በመስመሩ የሚተላለፉት ዘፈኖች ምን መልእክት እንደያዙ ጠየቃት። ጥሩወርቅ፣ "ጓድ፣ መልእክት ቢኖራቸው ኖሮ ሒሳብ እናስከፍልባቸው ነበር" አለችው። ስቆ ወጣ። እኛ ግን ለብዙ ጊዜ ቴፑን አልከፈትንም። ሳቁን አላመነውም ነበር።

ካሴቶቹን የሚያመጣላት ወንድሟ አስማረ ነው። የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ በወታደር እጀባ ሊማሊሞን ወርዶ በዛሪማ በኩል ወደ ሽሬ፣ አንዳንዴም አሥመራ ድረስ ይሄዳል። ሲወርድም ሲመለስም ደባርቅ ስልክ ቤት ጎራ ይላል። ለእህቱ "ደረስኩ" ማለት ነው ሥራው። እኔን "እትዬ ደባርቅ" ይለኛል። በጾም ቴፑን ይዞ ሲገባ ዓይኔን ካየ፣ "አይቆጡ እትዬ፣ ቴፑም ጾመኛ ነው። ድንጋዩን ካወጣሁበት ሰነበትኩ" ይላል። ኪሱ ውስጥ ባትሪው ሲንኳኳ ይሰማል።

በዚያ የፍልሰታ ቀን ጧት እንደልማዱ ጎራ አለ። ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ አላባራም። ለእህቱ ደወልኩለት።

"ገደሉ ጭቃ ነው፣ አትቸኩል" አለችው።

"እኔ የምቸኩለው ወደ ጥር ነው" አላት። ጥር ላይ ሊያገባ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ "እትዬ፣ ለሠርጌ ያቺን የወፍጮዋን ካላንጎራጎሩልኝ ሚዜዎቼ አይገቡም ብያለሁ" አለኝ።

"ሂድ በል፣ እጀባው ይጥልሃል" አልኩት።

ሄደ።

ከቀትር በኋላ ጋሽ ፈንታ ገቡ። ከአስማረ ኋላ ሲነዱ የነበሩ ሸምገል ያሉ ሾፌር ናቸው። ከጫማቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነው። አግዳሚው ላይ የተቀመጠውን ሰው እንዲወጣ ጠየቁት፤ ከዚያ ሰሌዳውን ተደግፈው ቆሙ። ነገሩን ከፊታቸው አወቅሁት።

"ወንድማችን ቀረ" አሉኝ።

መንገዱ ከሥሩ ከድቶት ነው። ሾፌሮቹና ወታደሮቹ ገደል ገብተው አስከሬኑን አውጥተውታል፤ ደባርቅ ቤተ ክርስቲያን አድርሰውታል። መንገዱ ስለተናደ ከታች የሚወጣ መኪና የለም። ጧት የሰዓት እላፊው ሲያበቃ ጋሽ ፈንታ ራሳቸው አስከሬኑን ይዘው ደባት ሊያደርሱ ነው።

"እነ አስማረ ጎንደር ቄስ አጎት አላቸው። ዛሬ ማታ ደባት ካልገቡ፣ ነገ ልጅቱ ሬሳውን መንገድ ላይ ነው የምታገኘው" አሉ ጋሽ ፈንታ።

እውነታቸውን ነበር። አጎትየው ደባት ለማደር ከሰዓት እላፊው በፊት መድረስ አለባቸው፤ ለዚያም አሁኑኑ ከጎንደር መነሣት አለባቸው። አሁኑኑ የሚደርሳቸው ደግሞ ስልክ ብቻ ነው። ስልኩ በጥሩወርቅ እጅ ያልፋል። ገመዱን የምትሰካው እሷ ናት፤ መጨረሳቸውን ለማወቅ ቁልፉን ከፍታ የምታዳምጠው እሷ ናት። ብቻዋን ባዶ ክፍል ውስጥ፣ በጆሮዋ ማዳመጫ አድርጋ ትሰማዋለች።

በልቤ "ድንግል ሆይ" ከማለት ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም።

"ጋሽ ፈንታ፣ ማዳመጫዋ አንድ ነው" አልኳቸው። "በአንዱ መስመር ከኔ ጋር ካወራች ሌላውን አትሰማም። ከጎንደር የሚያነሡት አቶ መኩሪያ ናቸው፤ አጎትየውን ፈልገው ያገኛሉ። ግን መጀመሪያ 'የደስታ ነው ወይስ የሐዘን?' ብለው ይጠይቃሉ። ያን ጊዜ ደባት መስመሩ ላይ ናት። 'የደስታ' ይበሉ።"

"በሬሳ ላይ ደስታ በል ትይኛለሽ?"

"አዎ። ስለ ሠርግ ያውሩ። መስተዋቱን ሳንኳኳ እውነቱን ይንገሯቸው።"

"ድምፄ እሺ ይለኛል ብለሽ ነው?"

"የኔም እሺ አይለኝም። ይግቡ ግድ የለም።"

ክፍሏ ገቡ። ማዳመጫዬን አደረግሁና እጀታውን አዞርኩ።

"ደባት ነኝ! ደባርቅ፣ አንች ነሽ? አስማረ ሊማሊሞን ወረደልሽ?"

"ወርዷል" አልኩ። ውሸት አልነበረም። "ጎንደርን ስጭኝ፣ ደንበኛ አለኝ።"

ሰጠችኝ። የአቶ መኩሪያ ድምፅ መጣ። ጠየቁ። ጋሽ ፈንታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ "የደስታ ነው ጌታዬ፣ የሠርግ ጉዳይ ነው" አሉ። ወዲያው በሁለተኛው መስመር ጠራኋት። ቁልፏን መለሰችና መጣች።

"እቴ፣ በፍልሰታ ደግሞ የማን ሠርግ ነው?"

"የጥር ነው። ከአሁኑ የሚያስብ አይጠፋም።"

"ሰውየው ግን ድምፁ የሠርግ አይደለም።"

"ወጪውን አስቦ ይሆናል።"

ወደ ውስጥ ተነፈሰች፤ ሳቀች። "ቆይ፣ መገናኘታቸውን ልይና ልመለስ" አለችኝ። እጇ ወደ ቁልፉ ሲሄድ ያየሁት ያህል ነበር።

"ደባት፣ የወፍጮዋን ልልልሽ ነው" አልኳት።

"ዛሬ?"

"ዛሬ አግዳሚው ላይ ሰው የለም።"

"እሺ ዝም ብያለሁ። በይ።"

በግራ እጄ መስተዋቱን አንኳኳሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ጀመርኩ።

ገብሱ ደረቅ ነው፣ ወፍጮዬም አይለዝብ፣
ማን ያጠግብልኛል ይኼን ሁሉ ሕዝብ።

ድምፄን ለመጀመሪያ ጊዜ ከጓሮ ያሳለፍኩት ያን ዕለት ነው። የእናቴን ድምፅ ይመስላል፤ አላውቅም ነበር። እንጉርጉሮው ዝግ ያለ ስለሆነ የወፍጮው ድንጋይ ሲሄድና ሲመለስ የሚሞላውን ጊዜ ባዶ ይተዋል። ያ ባዶ ጊዜ አስፈራኝ። በጉሮሮዬ "እህም፣ እህም" እያልኩ ሞላሁት።

ድንጋዩን ባናግር ማን ይፈርድብኛል፣
ሰው ሁሉ ተኝቶ እሱ ይሰማኛል።

"እታለሜ!" አለች ጥሩወርቅ። "ይኼን ነው ስንት ዘመን የደበቅሽኝ? አስማረ ሲመለስ በካሴት እንቀዳዋለን። በሞቴ፣ እንዳትረሽው። ድምፅሽ ግን ምን ሆነ? ይንቀጠቀጣል።"

"የደባርቅ ብርድ ነው።"

በመስተዋቱ ጋሽ ፈንታን አያቸዋለሁ። ጀርባቸውን ሰጥተውኛል። ኮፍያቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ይዘዋል። ገና አልጨረሱም።

"ቆይ፣ እነዚያ ጨርሰው እንደሆነ ልይ፤ ጎንደር እንዳይቆጡኝ" አለች።

የእናቴ ስንኝ አልቆብኝ ነበር። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም።

አትነሽ እታለም፣ ገና ነው ዱቄቱ፣
ያልተፈጨው ገብስ ብዙ ነው በቤቱ።

"ይችን ደግሞ ከየት አመጣሻት!" ብላ ሳቀች። ቁልፉን ተወችው። እሷም ከእኔ ጋር አንጎራጎረች፤ እኔ ስወርድ እሷ ትወጣለች። ሌላ ገጠምኩ፣ ሌላም ገጠምኩ። እናቴ ብትሰማ የወፍጮ መሆኑን አትክድም፤ ስንኙ ግን ምን እንደነበር አሁን አላስታውስም። እስከዚያ ቀን ድረስ አንድ ስንኝ ገጥሜ አላውቅም ነበር፤ ከዚያ ወዲህም ገጥሜ አላውቅም።

ጋሽ ፈንታ ስልኩን ዘጉ። ወጥተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡና ፊታቸውን በኮፍያቸው ሸፈኑ።

"ጨረሱ" አልኳት። "ገመዱን ንቀይው።"

"አንድ ድገሚልኝ።"

"ደከመኝ፣ ደባት።"

"ይሁን እሺ። እግዜር ይስጥሽ። ዛሬ ዝናቡ ጨንቆኝ ነበር የዋለው፤ ቀለል አለኝ።"

እስከ መዝጊያው ድረስ ወደ ደባት የተጠየቀውን ሁሉ መረመርኩ። ዕለቱን ወሬው በከተማው ተሰምቶ ስለነበር ሁለት ሰዎች ደባት ላለ ዘመዳቸው ሊነግሩ መጡ። "መስመር የለም" ብዬ መለስኳቸው። ደንቡ ይኼንንም ይከለክላል። ከመዝጋቴ በፊት አቶ መኩሪያ ጠሩኝ። ጥሩወርቅ መስመሩ ላይ እንዳለች ያውቁ ስለነበር፣ "ደንበኛው ተሳፍሯል። ነገ ደባት ሰሌዳ ላይ አንች ትቀመጫለሽ፤ የደባርቁን ለመስመር ጠጋኙ ተይለት" አሉኝ፤ ደንበኛው ያሉት አጎትየውን ነው።

"ለምን? እኔ የት ልሄድ ነው?" ብላ ጥሩወርቅ ገባች።

"ዕረፍት ተፈቅዶልሻል፣ ልጄ" አሏት።

"እሰይ! ደባርቅ፣ ሰማሽ? በመጨረሻ ልንተያይ ነው!"

ልጆቼን ጎረቤት አሳደርኩ። ማታውን ውዳሴ ማርያም ደገምኩ። የሰዓት እላፊው ሲያበቃ ከጋሽ ፈንታ ጎን ተሳፈርኩ። አስከሬኑ ከኋላ ነው፤ ሾፌሮቹ የራሳቸውን ጋቢ አልብሰውታል። ደባት መግቢያ ስንደርስ ጋሽ ፈንታ መኪናውን አቆሙና ሞተሩን አጠፉ። መስኮቱን ዝቅ አድርገው አዳመጡ። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ሰፈር ልቅሶ ይሰማል።

"ተረድታለች" አሉ።

"እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩ። የልቅሶ ድምፅ ሰምቼ ያመሰገንኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ግቢው በሰው ተሞልቷል። ሴቶቹ ሁሉ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ የቷ እንደሆነች በዓይኔ መለየት አልቻልኩም። ቆሜ አዳመጥኩ። ከሁለት ሴቶች መሐል፣ ወገቧን ይዘዋት፣ ድምፅዋን አገኘሁት። ሄጄ እግሯ ሥር ተቀመጥኩ።

"ደባት" አልኳት።

ልቅሶዋን አቆመችና ቀና ብላ አየችኝ። ካሰብኩት በላይ ልጅ ነበረች።

"ደባርቅ ነሽ?"

"አቤት።"

"ትናንት ስታንጎራጉሪልኝ ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

ትመታኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትመታኝም አይከፋኝም ነበር። እጄን ያዘች።

"አጎቴ ጎረቤት አድረው ጎህ ሲቀድ መጡ" አለችኝ። "ሰዎቹ ሁሉ አብረዋቸው ነበሩ። ስወድቅ ያዙኝ።" ከዚያ ትልቅ ልቅሶ አለቀሰች፤ እኔም አብሬያት አለቀስኩ። ብዙ ቆየን። አስከሬኑ ወደ ግቢው ሲገባ ሴቶቹ አነሷት። መንገድ ከጀመረች በኋላ ቆመችና ወደ እኔ ዞረች።

"ሰሌዳውን ማን ይዞታል?"

"ማንም የለም።"

"በይ ሂጂ። ዛሬ ገበያ ነው። ሦስተኛዋ ክዳን ትላላለች፤ ሳይደወል ትወድቃለች፣ አትመኛት።"

ሄድኩ። በሩን ከፍቼ እጄን ታጠብኩ። ክዳኖቹ ብዙዎቹ ወድቀዋል። ማዳመጫው በእሷ ራስ ልክ ስለጠበበ ያመኛል፤ አላሰፋሁትም። በመስኮቱ ሰዎች አስከሬኑን ተሸክመው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ይታያሉ። የመጀመሪያውን ገመድ ሰካሁ።

"አቤት፣ ደባት ነኝ።"

የገብስ ነጋዴ ነበር። የዕለቱን ዋጋ ለመጠየቅ ጎንደርን ፈለገ። የደስታ ይሁን የሐዘን ሳልጠይቀው አገናኘሁት።